ክንፍ የምትቀባው አስተማሪ

ጥሩብርሃን እንዳላማው ከአክስቷ ቤት የወጣችው በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ በእጇ የፕላስቲክ አውሮፕላን ይዛ ነው። ደብረ ማርቆስ ይህን ብዙ አውርቶታል። ያወራው ግን ስለ መውጣቷ ነው እንጂ ስላስወጣት ነገር አይደለም። እኔ የማጫውታችሁ ስላስወጣት ነገር ነው።

ዘመኑ 1963 ዓ.ም. ነው። ጥሩብርሃን በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። አባቷ ግራዝማች እንዳላማው በሮብ ገበያ በኩል ሰፊ ርስት ያላቸው፣ ሲመጡ ሰው ከመቀመጫው ብድግ የሚልላቸው ባላባት ናቸው። ጎረቤት ሁሉ «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን» ሲላቸው፣ «ልጄ ጉዳዬን ራሷ ታንብብልኝ፤ ለጸሐፊ አልለማመጥም» ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሷም ትወዳቸው ነበር። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስታነቡ ይህን አትርሱብኝ።

ከተማ የምትኖረው ከአባቷ እህት ከወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ጋር ነው። አንድ ቅዳሜ ለተማሪዎቿ ባለቀለም ወረቀት ልትገዛ ወደ አብዱልቃኒ ሱቅ ገባች። ባንኮኒው ላይ የቆመችው የአብዱልቃኒ ሚስት ሸሪፋ ነበረች። ከሸሪፋ ራስ በላይ፣ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠለ፣ እርግብ የሚያክል ብርማ አውሮፕላን አለ። በሩ ሲከፈት ነፋስ ገባና አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ዞሮ አፍንጫውን ወደ ጥሩብርሃን አቀና።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጀት ነዋ! የጦር አውሮፕላን» አለች ሸሪፋ። «ባለቤቴ አዲስ አበባ ሱቁን ከሚዘጋ አርመን ሸቀጥ በጅምላ ሲገዛ አብሮ የመጣ ነው። ካርቶኑን ብንከፍተው ውስጡ የተበታተነ ፕላስቲክ! ስብርባሪ መስሎን ልንጥለው ስንል፣ ድረስ የሚባል የመንገድ መሥሪያ ቤት መካኒክ አየና ወሰደው። እንዲህ አድርጎ ገጥሞ፣ ቀብቶ መለሰልን። ወላሂ እኔ መጀመሪያ ሳየው ይበራል ብዬ በሩን ዘግቻለሁ!»

ጥሩብርሃን ሳቀች። ባለቀለም ወረቀቷን ትታ አንድ ካርቶን ያልተገጠመ አውሮፕላን ገዝታ ሄደች።

ቤት ወስዳ ስትሞክረው ማጣበቂያው ክንፉን ትቶ ሁለት ጣቶቿን አጣበቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አንዱ ክንፉ ሰማይ ሌላው ምድር የሚያይ ጉድ ይዛ፣ ልትከራከር ወደ ሱቁ ተመለሰች። እዚያ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ወጣት ቆሟል። አውሮፕላኑን ከእጇ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። አልሳቀም።

«ቸኩለው ነው» አለ። «ማጣበቂያው ሳይደርቅ ክንፉን ለቀቁት። በምላጭ እንፈታዋለን። ምንም አልሆነ።»

ምንም አልሆነ ያለበት አነጋገር ከልቧ ገባ።

* * *

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለቱ ሆነ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሸሪፋ እየገባች እየወጣች፣ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ድረስ ከሻይ ቆርቆሮው ውስጥ ወረንጦ፣ ምላጭ፣ የተቆራረጠ ብርጭቆ ወረቀት ያወጣል። እሷ ትፈገፍጋለች፣ እሱ ይገጥማል። ድረስ አብራሪ መሆን ፈልጎ ነበር። የጽሑፉን ፈተና አልፎ ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ በልጅነቱ በሕመም የደነቆረው ግራ ጆሮው አስቀረው።

«ታዲያ አልተናደድክም?» አለችው።

«ተናደድኩ እንጂ። ከዚያ ወደ ሰማይ ካልወጣሁ ወደ እጄ ላውርደው አልኩ።»

በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ምልክት የባዕድ አገር ኮከብ ነው። ድረስ ያንን አይለጥፍም። ጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በእጁ ይቀባል። ነገር ግን ጣቶቹ ትልልቅ ስለሆኑ መስመሩ ይጣመምበታል። አንድ ቀን ብሩሹን ለጥሩብርሃን ሰጣት። ጥቂት ጠጉር ብቻ እስኪቀረው የከረከመው ብሩሽ ነው። ትንፋሿን ያዘች። አረንጓዴው ወረደ፣ ቢጫው ተከተለ፣ ቀዩ አንዱን ሳይነካ ተሰመረ። ቀና ስትል ድረስ የሚያየው ጭራውን አልነበረም።

«አንቺ፣ እጅሽ እንዴት ነው የማይንቀጠቀጠው?» አለና ደነገጠ። «ይቅርታ… እርስዎ ማለቴ…»

«እንዳትመልሰው» አለች። «አንቺ ያልከኝን እንዳትመልሰው።»

ሸሪፋ ከባንኮኒው ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። የጥሩብርሃን እጅ ግን ከዚያ ቅጽበት በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ዓቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ልቧ ሞልቶ ፈሰሰ። «ድረስ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቅዳሜ እስኪደርስ ሌላው ቀን ቀን አይመስለኝም። ከአንተ ሌላ ሰው በሐሳቤ የለም።» ድረስ ክንፉን መፈግፈጉን ቀጠለ። ቀና እንኳ አላለም። ጥሩብርሃን ፊቷ እየነደደ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፣ ሌላውም መጣ፤ እሷ ሱቁ ደጃፍ አልደረሰችም።

በመጨረሻ ሸሪፋ ትምህርት ቤት መጣችባት።

«ልጁ እህል መቅመስ ትቷል። መስኮቱን ሲያይ ይውላል። ምን ብሎሽ ነው?»

«ምንም አላለኝም! እሱ አይደል ያቃጠለኝ?» አለችና ጥሩብርሃን እንባዋን እየዋጠች ሁሉንም ነገረቻት።

«በየት በኩል ተቀምጠሽ ነበር?»

«በመስኮቱ በኩል። በግራው።»

ሸሪፋ እጇን አጨበጨበች። «እዪዋትማ! አንቺ ሴትዮ፣ ለግድግዳ ነው የነገርሽው!»

ጥሩብርሃን በዚያ ትልቅ የትምህርት ቤት ግቢ መሃል፣ ተማሪዎቿ እያዩዋት፣ እንባዋ ሳይደርቅ እስኪደክማት ሳቀች።

* * *

ቅዳሜ ስትገባ በቀኙ ተቀመጠች። ያለችውን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳታስቀር፣ ዓይኑን እያየች ደገመችው።

የድረስ ፊት በራ። እንደዚያ የበራ ፊት አይታ አታውቅም። ከዚያ መልሶ ጨለመ። ወረንጦውን አስቀመጠ።

«ከዚህ በላይ ከመሄድሽ በፊት የማን ልጅ እንደሆንኩ ስሚ» አለ። «አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጉንደ ወይን ዳር ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ሸክላ ትሠራለች። አገሩ እኛን ምን ብሎ እንደሚጠራን ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ሮብ ገበያ፣ ሕፃን ሳለች፣ ጠይቦች ማረሻ ሊያድሱ ሲመጡ ሞግዚቷ ፊቷን በጋቢ እየሸፈነች «አትያቸው፣ ይበሉሻል» ትላት ነበር። ለዓመታት ያላሰበችው ነገር ነው። አሁንም አላሰበችውም። ጠረጴዛው ላይ ከድረስ እጅ አጠገብ የነበረው እጇ ግን፣ እሷን ሳያስፈቅድ፣ ወደ ጭኗ ተመለሰ።

ባወቀችበት ቅጽበት እሱም አወቀ።

«አየሽ?» አለ። ቁጣ የለበትም። «አንቺ ሳትመልሺ እጅሽ መለሰልኝ።»

«ድረስ፣ እኔ አይደለሁም… ሳላውቀው ነው…»

«እሱን ነው የምልሽ።» ቆርቆሮውን ዘግቶ ብድግ አለ። ያልተቀባውን አውሮፕላን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። ጥሩብርሃን በሕይወቷ ብዙ ሰው አስቀይማ ይሆናል፤ እንደዚያ ቀን ግን በራሷ አካል አፍራ አታውቅም።

አውሮፕላኑን ቤት ወሰደችው። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሸሸውን እጇን ሥራ አስያዘችው። መጋጠሚያውን ፈገፈገች፣ ብርማውን ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርባ ቀባች፣ በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ብሩሿን እያጠበች ሦስቱን ቀለሞች አወረደች። ጣቶቿ ቀለም ሲጠጡ፣ ኀፍረቷ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ቁጣ ነበር። ያ ጋቢ ፊቷ ላይ ሲጣል ማንም አልጠየቃትም፤ ስታወልቀው ደግሞ ማንንም ላለመጠየቅ ወሰነች።

* * *

አባቷ ከሮብ ገበያ የመጡት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ደስ ብሏቸዋል። ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ነገ ሽማግሌ ይመጣል። የሚልከው የደጃዝማች ልጅ ነው። መቶ አለቃ ነው፤ ደብረ ዘይት ጀት የሚያበር! ፋሲካ ይለፍና ጎጃም ያላየውን ሠርግ እደግስልሻለሁ።»

ጥሩብርሃን አፏን ሳትከፍት አክስቷ ቀደሙ። «ኧረ አንተ፣ የእሷ ወሬ አልደረሰህም? ከተማው የሚያወራውን? ከጉንደ ወይን ቀጥቃጭ ልጅ ጋር ሱቅ ለሱቅ ነው እኮ የምትውል! ያን መደርደሪያው ላይ ያለውን እየው፤ የእሱ ትምህርት ነው።»

ግራዝማች ዞረው አውሮፕላኑን አዩ። የፊታቸው ደስታ ጠፋ።

«እሳት ውስጥ ጣዪው።»

«አልጥልም፣ አባባ።»

«ገበሬው ግብር አልከፍልም ብሎ በተነሣበት ዓመት ይኼ ነገር በሲናን ሰማይ ሲያንዣብብ፣ ሴቱ ልጁን አዝሎ ገደል ለገደል ሲሸሽ፣ ከብቱ ሲበተን አይቻለሁ! የዚያን ምስል እህቴ ቤት ታስቀምጪብኛለሽ? ጣዪው አልኩ!»

ጥሩብርሃን አውሮፕላኑን አነሣችው። 

«አባባ፣ መቶ አለቃው የሚያበረው ምን መሰለዎት?»

ግራዝማች ፊታቸውን ከአውሮፕላኑ አዞሩ።

«ይኸንኑ ነው። የእኔ ፕላስቲክ ነው፤ የሱ እውነተኛ ነው። እውነተኛውን ለሚያበረው ልጄን እንካ ይሉታል። ፕላስቲኩን በማጣበቂያ ለገጠመው ግን እሳት ያዝዛሉ። እርስዎን ያስቆጣዎት አውሮፕላኑ አይደለም፤ የሠራው እጅ ነው።»

«አጥንት አለ!» ጮኹ ግራዝማች። «እኔ አንቺን አጥንት ቆጥሬ ነው ያሳደግሁሽ!»

«ያሳደጉኝ በእህል ነው፤ እህሉ የታረሰው በአባቱ ማረሻ ነው።»

«ወይኔ! ምን አለች?» አሉ አክስቷ፣ ደረታቸውን ይዘው።

«እርስዎን ብቻ አልወቅስም» አለች፤ አሁን እንባዋ ይወርዳል። «እኔም እንደ እርስዎ ነኝ። የማን ልጅ እንደሆነ ሲነግረኝ እጄን ሸሸግሁበት። የሚወደኝ ሰው ፊት! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳፍር ነው የከረምኩ። ማፈር ሰለቸኝ፣ አባባ። ዕድሜዬን ሙሉ አላፍርም።»

ግራዝማች ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ያን ነገር ይዘሽ ከዚህ በር ከወጣሽ፣ የእንዳላማው ልጅ ነኝ እንዳትዪ።»

ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። የአባቷ እጅ ወደ ራሷ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ።

«እላለሁ» አለች። «እርስዎ ቢተዉኝም እላለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ አባት የለኝም ብዬ አልዋሽም።»

ወጣች። ከኋላዋ የሰማችው ቁጣ አልነበረም። አባቷ ሲያለቅሱ ሰምታ አታውቅም ነበርና፣ ልቧ ለሁለት ሲከፈል ተሰማት። ግን አልተመለሰችም።

* * *

በገበያው መሃል አለፈች። ገብስ የሚሰፍሩት ቁናቸውን ያዝ አደረጉ። በርበሬ ሻጮቹ ተጠቃቀሱ። «የግራዝማች ልጅ ምን ነካት?» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ጥሩብርሃን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አላወረደችም። አውሮፕላኑን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጭራው ላይ ያሉት ቀለሞች ለሁሉም እየታዩ፣ ቀጥ ብላ ሄደች።

አብዱልቃኒ ሱቅ ፊት ስትደርስ ሸሪፋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። አንድም ቃል አልጠየቀችም። እጇን አፏ ላይ አደረገችና በዚያ ሁሉ ገበያ ፊት ብቻዋን እልል አለች። የተጠቃቀሱት ሁሉ ዝም አሉ። ጥሩብርሃን ያ እልልታ ከወገቧ እንደደገፋት ተሰማት።

የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ስትደርስ፣ ድረስ ጭነት መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። መካኒኮቹ መዶሻቸውን አቆሙ። ጸጥታው እንግዳ ሆነበትና ድረስ ከመኪናው ሥር ወጣ፤ እጁ እስከ ክንዱ ግራሶ ነው።

«አባቴ መጥተዋል» አለችው። «ለአብራሪ ሊሰጡኝ።»

«ታዲያ?»

«እኔ ግን ወደ ሠራው መጣሁ።»

ድረስ የያዘችውን አውሮፕላን አየ። ጨርሳዋለች። ዓይኑ እርጥብ ሆነ፤ አገጩን ግን ቀና አደረገ። «ጥሩብርሃን፣ አዝነሽልኝ ከሆነ አሁኑኑ ተመለሺ። እኔ የማንንም ሐዘኔታ አልቀበልም። ከእናቴም አልተቀበልኩም።»

«ማን አዘነልህ?» አለች። «ተናድጄ ነው የመጣሁ! መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ በሁሉም። በአንተም ጭምር! እጄ አንዴ ቢሸሽ፣ እኔን ሳትጠብቅ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?»

ከመካኒኮቹ አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው። ጥሩብርሃን እጇን ዘረጋች።

«ይቆሽሻል» አለ ድረስ።

«ይቆሽሽ።»

ያዘው። ትልልቅ ጣቶቹ ንጹሕ እጇን ጥቁር አደረጉት። ሁለቱም አልለቀቁም። በዚያ የነዳጅ ሽታ መሃል፣ ድረስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየሰው ፊት ተሸክሞት የሚዞረው ጥንቃቄ ከትከሻው ሲወርድ ተሰማው።

* * *

በማግስቱ ወደ ጉንደ ወይን ሄዱ። «ልጅ ያለ ሽማግሌ አትሄድም» ብሎ አብዱልቃኒ ሸሪፋን አስከትሎ ተነሣ። ሴቶቹ በአንድ ጭነት መኪና ጋቢና፣ ወንዶቹ ከላይ በጨው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጥሩብርሃን መንገዱን በሙሉ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ወሬኛዋ ሸሪፋ ለዚያን ቀን ብቻ ምንም አላለች፤ እጇን ይዛት ሄደች።

የድረስ እናት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ደጃፋቸው ላይ፣ የሚደርቅ ሸክላ በተደረደረበት፣ የእንስራ ከንፈር በእርጥብ ቆዳ ያለሰልሱ ነበር። ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ሳማቸው። እሳቸው ግን እንግዳይቱን ነው የሚያዩ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የግራዝማች እንዳላማው» አለ ድረስ።

«ምን ልታደርግ መጣች? ሰው እንደማንበላ ልትመሰክርልን?»

«እማዬ!»

«ዝም በል፤ እሷን ነው የምጠይቅ።»

ጥሩብርሃን ይህን አልጠበቀችም። አባቷን ትታ፣ ገበያውን ሰንጥቃ ስትመጣ፣ እዚህ በር ላይ እጅ ተዘርግቶ የሚጠብቃት መስሏት ነበር።

«ልጅዎን ላገባ ነው» አለች። «ፈቃድዎን ልለምን።»

«አባትሽ ፈቀዱ?»

«አልፈቀዱም።»

«እኔም ብከለክልሽስ? አጥንት የሚቆጥሩ እናንተ ብቻ መሰላችሁ? እኔም እቆጥራለሁ። የባሌን መዶሻ የሚንቅ ሰው ዘር ልጄን አይወስድም።»

አብዱልቃኒ ሊናገር ተነሣ፤ ሸሪፋ ኩታውን ጎተተችው። ጥሩብርሃን ሽማግሌ አልፈለገችም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ንቀነዋል። እኔም ንቄያለሁ፤ ልጅዎ አይቶኛል። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ልሂድ አልመጣሁም። ቢከለክሉኝ እዚህ በርዎ ላይ እቀመጣለሁ። ጭቃ ልርገጥልዎት። እስኪያምኑኝ አልነሣም።»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ተነሥተው ገቡና በሸክላ ዋንጫ ውሃ ይዘው ወጡ። ሰው ከእነሱ ቤት ውሃ እንደማይጠጣ በዚያ የቆሙት ሁሉ ያውቃሉ። ድረስ ፊቱን አዞረ፤ ሊያየው አልደፈረም።

«ዋንጫውን የሠራሁት በዚህ እጄ ነው» አሉ። «ለእኔ ብለሽ አትጠጪ። ለልጄም ብለሽ አትጠጪ። ከጠማሽ ብቻ ጠጪ።»

ጥሩብርሃን ጠምቷት ነበር። ከማለዳ ጀምሮ አቧራና እንባ ስትውጥ ነው የመጣችው። ዋንጫውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ነጠላዋን እያራሰ፣ እስከ ታች ጠጣችው። ስትጨርስ ሁሉም ትክ ብለው እያዩዋት ነው።

«ይጨመርልኝ?» አለች።

ወይዘሮዋ ሳይወዱ ሳቁ። «ይቺስ እውነትም ጠምቷታል!» አሉና ከተቀመጡበት አጎዛ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ጥሩብርሃን ከጎናቸው ተቀመጠች። የአባቷ ልቅሶ አሁንም በውስጧ ነበር፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያማታል። ያም ሆኖ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስም ሳታወጣለት አብሯት የኖረው ፍርሃት ትቷት ሄዷል። በእሱ ቦታ፣ አባርራ ልታስወጣው የማትችለው፣ ማንንም የማያስፈቅድ ደስታ ተቀምጧል።